ጭጋጉን ያነሳሁ ቀን

ጎንደር አራዳ የነበረችኝን ፎቶ ቤት የዘጋሁት ካቻምና ጥቅምት ላይ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ደከመኝ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። አልደከመኝም። እግሬ ይሄዳል፣ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኔም መነጽር ካደረግሁለት የሰውን ፊት ከነሽፋሽፍቱ ይለያል። የዘጋሁት የሚመጣ ሰው ስለጠፋ ነው። በመጨረሻው ወር በሬን ያንኳኩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጉርድ ፎቶውን ፎቶኮፒ አድርግልኝ ያለ፣ ሌላዋ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ያለች። ለሁለተኛዋ ሶኬቱን አሳየኋትና ቁጭ ብዬ ስልኳ እስኪሞላ አብሬያት ጠበቅሁ። የዚያን ዕለት ነው ለመዝጋት የቆረጥኩት።

ከዘጋሁ በኋላ አንድ ቀን፣ ለወጣት ፎቶና ቪዲዮ አንሺዎች ሥልጠና አዘጋጅተናልና ልምድዎን ያካፍሉን ብለው ጠሩኝ። አዳራሹ ሞልቷል። የሁሉም እጅ ላይ ያለው ስልክ ከኔ የመጀመሪያ ካሜራ ይበልጣል። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ጋሼ፣ ኢንስፒሬሽን ከየት ነው የሚያገኙት?» አለችኝ። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ «በምን አፕ ነው ኤዲት የሚያደርጉት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ተራራው፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ አመሻሽ ብርሃን የሆነ ያልሆነውን ቀባጠርኩ። አጨበጨቡልኝ። የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ፤ ስሜን አሳስተው ጽፈውታል። ቤቴ ስገባ በራሴ አፈርኩ። ለእነዚያ ልጆች ልነግራቸው የሚገባኝ ሌላ ነበር። አሁን የምጽፈው ያንን ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ አያ ፈንታ ይባላሉ። አራዳ ውስጥ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ጠባብ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት ግራጫ ካፖርት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር አባቴ ወስዶ ለሳቸው አስረከበኝ። ስድስት ወር ሙሉ ካሜራ አላስነኩኝም። ጨለማው ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ሥር ፎቶ ሳጥብ እውላለሁ። የጎንደር ክረምት ደግሞ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። ኬሚካሉ ሲበርድ ምስሉ አመድ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ የኬሚካሉን ሳህን ሞቅ ያለ ውኃ ባለበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ እናስቀምጣለን። አያ ፈንታ ቴርሞሜትር ነበራቸው፤ ግን አያምኑትም። የእጃቸውን አንጓ ነከር ያደርጉና «ገና ነው» ወይም «በቃ፣ አግባው» ይላሉ። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ኔጌቲቭ ያስተካክላሉ። እርሳሱን በምላጭ እንደ መርፌ ያሾሉታል። ከመስታወት በታች ሌላ መስታወት አጋድመው የመስኮቱን ብርሃን ከሥር ያስመጡትና የፊቱ ጠባሳና ሽብሽብ እንዲሳሳ ኔጌቲቩ ላይ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ያደርጋሉ። ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። ለአንድ ፊት ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። ደንበኛው መጥቶ ሲወስድ ምን እንደተሠራለት አያውቅም፤ «ሸጋ ወጥቻለሁ» ብሎ ብቻ ይሄዳል። እሳቸውም የሚፈልጉት ያንን ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አንድ ልማዳቸውን ነው። ማንም ሰው ፎቶ ልነሳ ብሎ ሲገባ ካሜራው ጋ አይሄዱም። መጀመሪያ ያስቀምጡትና «ለማን ነው?» ይሉታል።

በያኔው ጊዜ ፎቶ ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ኮትና ከረባት ይሰቀል ነበር። የገጠር ሰው መጥቶ ኮቱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ እንደ እንጨት ደርቆ ይነሳል። አንድ ቀን ከወገራ የመጣ አንድ ገበሬ ገና ከመግባቱ ኮቱን አውርዶ ለበሰ።

«ለማን ነው ፎቶው?» አሉት አያ ፈንታ።

«ለልጄ። ሱዳን ተሻግሮ ቀረ። ላኩልኝ ብሎ ጻፈ።»

«በኮት አይቶህ ያውቃል?»

ሰውዬው ሳቀ። «ኧረ እኔ ኮት ከየት አምጥቼ!»

«እንግዲያ አውልቀው» አሉት። ጋቢውን መልሶ ለበሰ፤ ውጭ ያቆመውን ዱላውንም አስገቡለትና ትከሻው ላይ አድርጎ ሁለት እጁን እንዲጥልበት ነገሩት። ከዚያ ስለ በሬዎቹ ይጠይቁት ጀመር። የትኛው ይጎትታል፣ የትኛው ይለግማል። ሰውዬው ስለ ለጋሚው በሬ እየተናደደ ሲያወራ የካሜራውን ቁልፍ አንዴ ብቻ ተጫኑ። ያን ፎቶ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምስሉ ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ ሰውዬው ሊናገረኝ የደረሰ መሰለኝ።

ነጠላን በሰው ፊት አጠገብ ይዞ ጥላውን ማሳሳት፣ የቀትር ፀሐይን ሸሽቶ ደጃፍ ሥር ማንሳት፣ ለሚያፍር ሰው ካሜራውን ሳይሆን እጄን እያሳየሁ ማውራት፣ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከሳቸው ነው። ዛሬ ልጆቹ ለዚህ ሁሉ ዕቃ ይገዛሉ። ዕቃው መጥፎ ነው አልልም። እኔም ስንት ገዝቻለሁ።

ከአያ ፈንታ ጋር ሰባት ዓመት ሠርቼ አንድ መሥሪያ ቤት የፎቶ ባለሙያ ብሎ ቀጠረኝ። ደመወዝና ጡረታ አለው ብዬ ገባሁ። ኃላፊዬ አጭር ሰው ነበር። አጠገቡ የቆመ ሰው እንዳይበልጠው ሁልጊዜ ተንበርክኬ ከታች ወደ ላይ እንዳነሳው ያዝዘኛል። ሪባን ሲቆረጥ እሱ መሀል፣ ጉድጓድ ሲቆፈር እሱ መሀል። አንድ ቀን ችግኝ ተከላ ሄድን። አንድዋን ችግኝ ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሦስት ጊዜ ተከላት፤ በመጀመሪያው ዓይኑ ተጨፍኖ፣ በሁለተኛው ከኋላው ፍየል ገብታ። ሲጨርስ ችግኟ ሥሯ ተሰባብሮ ነበር። ፎቶው ግን ትልቅ ተደርጎ ቢሮው ተሰቀለ። አምስት ዓመት እንደዚህ ዓይነት ነገር አነሳሁ። ከአምስቱ ዓመት አንድም የሰው ፊት አላስታውስም።

ከዚያ መሥሪያ ቤት ያወጣኝ የስሜን ተራራ ነው። የፈረንጅ ፊልም ሠሪዎች ዝንጀሮና ተራራ ሊያነሱ መጥተው ረዳት ሲጠይቁ እኔን ላኩኝ። ሦስት ሳምንት የካሜራ መቆሚያ ተሸከምኩላቸው። ገደል አፋፍ ላይ ካሜራቸውን ተክለው ቀኑን ሙሉ ምንም ሳያነሱ ይቀመጣሉ። ከዚያ ብርሃን ሲገባ፣ ጭጋግ ሲከፈት፣ አምስት ደቂቃ ያነሳሉ። መሪያቸው አንድ ቀን በካሜራው ትንሿ መስኮት እንዳይ ጠራኝ። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እንደ ወተት ገንፍሎ ሲወጣ፣ ፀሐይ ከጎን ስትገባበት አየሁ። ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው፤ ግን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ እኔ ምን ስሠራ ነው የኖርኩት አልኩ።

ስመለስ ሥራዬን ለቀቅሁ። ያለችኝን አራግፌ የካሴት ቪዲዮ ካሜራ ገዛሁና አራዳ ላይ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ሰርግ ማንሳት ጀመርኩ። ልቤ ግን ገደሉ ላይ ቀርቷል። ሙሽሮቹን አንስቼ ስጨርስ ሰማይ አነሳለሁ፣ ዛፍ አነሳለሁ፣ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ አነሳለሁ። ሰውም ወደደልኝ። «መላኩ እኮ ሌላ ነው፣ አርቲስት ነው» ይሉኝ ጀመር። እኔም አመንኳቸው።

ያ ሰርግ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው።

ልጃቸውን የሚድሩት አያ ዘለቀ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ከደባርቅ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። ሙሽራዋ የመጨረሻ ልጃቸው የሺ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጓት አባቷ ናቸው። ሙሽራው አስተማሪ ነበር፤ በቪዲዮ ይነሳ ያለውም እሱ ነው። ጎንደር ድረስ መጥቶ ሲዋዋለኝ «አባቷ በጣም ታመዋል። ሌላው ሁሉ ቢቀር የሳቸው ምርቃት እንዳያመልጥህ። እሷ አደራ ብላኛለች» አለኝ። እኔም «አታስብ» አልኩት።

የሰርጉ ዕለት ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሙሽራዋን ይዞ ሊወጣ ሲል ሽማግሌዎች ለምርቃት ዳሱ ፊት ለፊት ተደረደሩ። አያ ዘለቀን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጧቸውና ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ከጥላ ወደ ፀሐይ ስለወጣሁ የካሜራዬን ቀለም ማስተካከል ነበረብኝ። ለዚህ ነጭ ነገር ያስፈልጋል። በቅርብ ያየሁት ነጭ የሳቸው ጋቢ ነበር። አነጣጠርኩበት፣ ቁልፏን ተጫንኩ፣ ተስተካከለ። መቅጃውን አልነካሁም። ለዚያች ያህል ጊዜ ነው አያ ዘለቀን ያየኋቸው።

ቀና ስል ከዳሱ ጀርባ ጭጋጉ መነሣት ጀምሯል። ፀሐይም ዘንበል ብላ ከጎን ገባችበት። ያ ፈረንጅ ያሳየኝ እንኳ እንዲህ አልነበረም። ወርቅ የቀለጠበት ነው የሚመስለው። ምርቃት ረጅም ነው፣ አልኩ ለራሴ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ይመርቃሉ፤ አባት የሚመርቁት መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ደቂቃ ይበቃኛል። መቆሚያዬን አንስቼ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጥኩ፤ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ ካሜራዬን ገደሉ ላይ ተከልኩ።

እያነሳሁ ከኋላዬ «አሜን» ሲባል ሰማሁ። ደግሞ «አሜን»። የመጀመሪያው ሽማግሌ ጀመሩ ብዬ አልዞርኩም። ጭጋጉ ሊከፈት ጥቂት ነው የቀረው። ተከፈተ። የወዲያኛው ገደል ከነዛፎቹ ብቅ አለ። ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም።

ስዞር አያ ዘለቀን ደግፈው እያነሷቸው ነው። ተቀምጠው መቆየት ስላልቻሉ ሽማግሌዎቹ ተራቸውን ለቀውላቸው ነበር። እየሮጥኩ ደረስኩ። ካሜራዬ የያዘው ጀርባቸውንና ደጋፊው የያዘውን ክርናቸውን ነው። የሺ መሬት ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች። ሴቶቹ ከበዋት እልል ስለሚሉ እሷም ሙሽራውም የምንናገረውን አልሰሙም።

«አያ ዘለቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

ቆም አሉ። «ምነው ልጄ፣ አልሰማኸኝም?»

«ካሜራው ነው። አልያዘውም።»

«እግዜር ይዞታል» አሉኝ። «እኔስ ትንፋሽ የለኝም።»

አስገቧቸው። ማንም አልተቆጣኝም። ሙሽራው ብቻ አንዴ አየኝና የሺን ሊያነሳት ጎንበስ አለ።

ጎንደር ተመልሼ ካሴቱን ሳቀናብር ቀኑን ሙሉ ተወዛገብኩ። በመጨረሻ ምርቃቱ መግባት የነበረበት ቦታ ላይ ጭጋጉን አስገባሁት። ድምፁን ከፍ ሳደርገው የሰዉ «አሜን» ከሩቅ ይሰማል፤ የሳቸውን ድምፅ ግን ነፋሱ ወስዶታል። ከሥሩ ዋሽንት ጨመርኩበት። ያየው ሁሉ ደነገጠ። አንዱ «ተራራው ራሱ የመረቃት ይመስላል» አለኝ። እኔም ይህን እንደ ራሴ ሐሳብ አድርጌ ለሰው ማውራት ጀመርኩ።

አያ ዘለቀ ሁዳዴ ሳይገባ ሞቱ።

ከወር በኋላ የሺ ጥቁር ለብሳ ፎቶ ቤቴ መጣች። ከደባርቅ በአውቶቡስ ብቻዋን ነው የመጣችው። የለበሰችው ከል ገና አዲስ ነው።

«አያ መላኩ፣ አባቴን ቆርጠው አውጥተውታል» አለችኝ። «ቪዲዮው እንዳይረዝም ብለው ይሆናል። የተቆረጠውን ይስጡኝ። እንዲያምር አልፈልግም፤ እንዳለ ይስጡኝ።»

እዚያው ላይ «አላነሳሁትም» ማለት እችል ነበር። አፌ ግን ሌላ አለ።

«ካሴቱን ማጫወቻው በላው» አልኳት። «የምርቃቱ ቦታ ላይ ተበጠሰ።»

«ቁርጥራጩስ?»

«ጣልኩት።»

«ምነው ሳይነግሩኝ ጣሉት?» አለች። ሥራ የበዛበት ሰው ያደከመች ይመስል ይቅርታ ጠይቃኝ ወጣች። ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

አያ ፈንታ ያኔ ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ቀሐ አካባቢ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ለሌላ ሰው መናገር አልቻልኩም፤ ለሳቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ሁሉንም።

«ለማን ነበር የምታነሳው?» አሉኝ።

«ለሙሽራዋ።»

«ጭጋጉንስ?»

ዓይናቸውን ሸሽቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ጭጋግ ጥፋት የለበትም፤ ያምራል» አሉ። «እኔም ባይ ደስ ይለኛል። ግን ነገም ይነሣል፣ ከነገ ወዲያም ይነሣል። ሂድና እውነቱን ንገራት። ደባርቅ ሩቅ አይደለም፤ ማኪና እንደሆነ በየቀኑ አለ።»

«እሺ» አልኳቸው። አልሄድኩም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ከዚያ ለመሄድ የሚያሳፍር ሆነ። አያ ፈንታ ደግመው አልጠየቁኝም። ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ሥራ ይዤላቸው ስሄድ «ዓይኔ አያይልኝም» እያሉ ይመልሱልኝ ጀመር። ከኔ በኋላ የገባ ሰው ግን ፎቶ ሲያሳያቸው መስኮቱ ጋ ወስደው አስጠግተው ሲመለከቱ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ እንደሆንን ሞቱ። ለቀብራቸው የተያዘውን ፎቶ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጥሩ አድርጌ ሠራሁት። ለማን እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ሲያልቅ ፊት ለፊት ላየው አልቻልኩም።

አሁን መራራውን ልናገር። በዚያ ጭጋግ እንጀራ በላሁበት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ለናሙና የማሳየው እሱን ነበር። «እንዲህ አድርገህ አንሳን» እያሉ ከጠዳ፣ ከአዘዞ፣ ከጭልጋ ሳይቀር መጡ። ሥራዬ ለዓመታት የቆመው ያላነሳሁት ሰው ቦታ ላይ ባስገባሁት ነገር ነው። ሰው «ኢንስፒሬሽን» ሲለኝ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። እኔን ነፍሴን ይዞ ያስሮጠኝ እሱ ነው፤ ያን ዕለት ግን የሮጥኩት ከሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሁሉም ባለሙያ ታሪክ ነው። ካሴቱ ቀርቶ ሜሞሪ መጣ። ኮምፒውተር መጣ። አንዱን ተምሬ ስጨርስ ሌላው ይተካል። ሙሽሮቹ አረንጓዴው ሣር ቡናማ እንዲሆንላቸው፣ ፊታቸው እንዲቀላ፣ አፍንጫቸው እንዲቀጥን መጠየቅ ጀመሩ። መጀመሪያ እንቢ አልኩ፤ በኋላ አደረግሁት። ከዚያ ስልኩ ራሱ ያደርግላቸው ጀመርና እኔ አላስፈለግሁም። መንገዱ አልፎ አልፎ ሲዘጋ የደጋው ሰርግ ቀረብኝ፤ ሰርጉ ሁሉ አዳራሽ ገባ። አዳራሽ ውስጥ ገደሉን ሸራ ላይ አትመው ከሙሽሮቹ ጀርባ ይሰቅሉታል። ጭጋግም ዛሬ በማሽን ይሠራል፤ ሙሽሮቹ ሲደንሱ ከእግራቸው ሥር ይለቁታል። የመጨረሻ ሰርጌ ላይ የዚያ ማሽን ጭስ ሌንሴን ሸፍኖብኝ ኬክ ሲቆርሱ ሳላነሳ ቀረሁ። ማንም ልብ አላለም። አርባ ስልክ ያነሳው ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ አንዲት ሴት መጣች። ሻሽ አስራለች፣ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች፤ ፎቶ ቤቱን ተዘግቶ ስታገኘው ጎረቤት ጠይቃ ነው ቤቴን ያገኘችው።

«አያ መላኩ፣ አላወቁኝም። የሺ ነኝ፤ የአያ ዘለቀ ልጅ።»

አስገባኋት። ልጇን ጥር ላይ እዚሁ ጎንደር አዳራሽ ልትድር ነው። ባሏ ደህና ነው፤ አሁን ርዕሰ መምህር ሆኗል። ይህን ሁሉ ተነጋግረን ስንጨርስ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። የልጇ እጮኛ ጓደኞች የአያ ዘለቀን የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ወስደው በኮምፒውተር ሕይወት ዘርተውበታል። አያ ዘለቀ አንገታቸውን ዞር አደረጉ። ሙሉ፣ ነጫጭ ጥርስ አሳይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ እንደ ዜና አንባቢ ባለ ድምፅ «ውድ የልጅ ልጄ፣ ትዳርሽ የተባረከ ይሁን» አሉ።

«ሰርጉ ላይ ሊያሳዩት ነው» አለች የሺ። «ልጆቹ ደስ ይበላት ብለው ነው፤ ክፋት የላቸውም። ድምፁ የሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ። ፊቱ ግን ጠፋኝ፣ አያ መላኩ። ከዚህ ከመታወቂያው በቀር ሌላ ፎቶ የለውም፤ እሱም ደብዝዟል። አሁን ይህን ደጋግሜ ሳይ ጊዜ አባቴን ሳስብ የሚመጣብኝ ይኼ ሆነ። አንቱ አይተውታል። ፊት ማየት ሥራዎ ነው። አባቴ እንዲህ ነበር?»

አንዴ ደግሜ አየሁት።

«አይደለም» አልኳት።

ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ካሴቱን ማጫወቻው እንዳልበላው ነገርኳት። የተቆረጠም የተጣለም እንዳልነበረ ነገርኳት። እሳቸው ሲመርቋት ጀርባዬን ሰጥቼ ጭጋግ ሳነሳ እንደነበር፣ ከዚያም ዋሽቼ እንደላክኋት፣ አያ ፈንታ ሂድ ብለውኝ እንዳልሄድኩ ነገርኳት። የተንበረከከችበትን ቦታ ሳይቀር ነገርኳት። ስናገር ወለሉን ነበር የማየው።

ልትጮህብኝ፣ ልትረግመኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወንበሯን ወደኔ ሳብ አደረገች።

«ታዲያ ሲወጣ አይተውታል?»

«ለጥቂት ጊዜ። ካሜራዬን ሳስተካክል።»

«እንዴት ነበር? ይንገሩኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል» አልኳት። «ጋቢው አዲስ ነው፤ የታጠፈበት ገና አልጠፋም። የግራ ጆሯቸው ጫፍ ጎደል ብላለች።»

«ጆሮው!» አለች። እጇ አፏ ላይ ሄደ። «እውነት ነው! ልጅ ሆኖ ውሻ ነክሶት ነው። ስተኛ እሷን እያሻሸሁ ነበር የምተኛው። ረስቼው እኮ ነበር!» እንባዋ ወረደ፤ ግን ትስቃለች። «ሌላስ?»

«ከንፈራቸው ደርቋል። ቶሎ ቶሎ በምላሳቸው ያርሱታል።»

«አዎ፣ ትኩሳቱ ነው። ሌላስ?»

ፈለግሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ ምስል እንደምጠብቅ ሆኜ ጠበቅሁ። የዓይናቸውን ቀለም ፈለግሁ፣ ግንባራቸውን ፈለግሁ፣ ፂም ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም ብዬ ፈለግሁ። የሚመጣልኝ ነጭ ጋቢ ነው። እሷ ትንፋሿን ይዛ አፍ አፌን ታያለች።

«ሌላስ፣ አያ መላኩ?»

«ሌላ አላየሁም» አልኳት።

በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠራረገች። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቪዲዮውን ያለ ድምፅ ከፍታ አየችው።

«እንግዲያ ይህንኑ ያሳዩት» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። «የኔ አባት አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን ይኼ ቢያንስ ወደኔ ዞሮ ያያል።»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች። እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋት። ባጃጅ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆመን ስለ ዘንድሮው ውርጭ፣ ስለ ባቄላው መመታት አወራን። ስትገባ በሰርጉ ቀን እንድመጣ ነገረችኝ፤ ከልቧ ነው። እሺ አልኳት።